የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፤

ዛሬ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሰበሰበን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የማይነካው ሙያ የትኛው ነው?» ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ከተለቀቀ ወዲህ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ይህ ጥያቄ ሁሉን ይቀድማል። እኛ ጥያቄው ራሱ ይስተካከል እንላለን፤ ኤአይ የሚነካው ሙያን በጅምላ ሳይሆን በሙያው ውስጥ ያሉትን ሥራዎች አንድ በአንድ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤአይ አባቶች አንዱ የሆኑት ጄፍሪ ሂንተን፣ የራዲዮሎጂ ሐኪም (የራጅና የስካን ምስል የሚያነብ) ማሠልጠን ይቁም፣ በ5 ዓመት፣ ቢዘገይ በ10 ማሽን ይበልጣቸዋል ብለው ነበር። ራዲዮሎጂስቶች ግን ዛሬም ይፈለጋሉ። ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ከሐኪሞች ጋር ይመክራሉ፣ በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ፣ በውጤቱም ላይ ይፈርማሉ።

እናንተም ሁለት ሦስት ዲፓርትመንት ያዙና ባለሙያው በየቀኑ የሚሠራቸውን አሥር ያህል ሥራዎች ጻፉ። ዝርዝሩን እንደ ቻትጂፒቲ ካለ ቻትቦት አትውሰዱ፤ ሥራው ላይ ካለ ሰው ውሰዱ። ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ ማሽኑ፣ ማለትም ቻትቦቱ ላይ ሞክሩት።

አካውንቲንግን እንይ። በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ደረሰኝ ፎቶ ስጡትና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ (ተ.እ.ታ.) ለይቶ እንዲመዘግብ እዘዙት። ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። የእጅ ጽሑፉን አሳስቶ ሊያነብ፣ የኛን ቀን ከፈረንጅ ቀን ሊያምታታ ይችላል፤ ሰኔ 30 በሚያልቀው በጀት ዓመት፣ ሐምሌ 30 ደግሞ በአዲሱ መሆኑን ከሳተ ሒሳቡ ይበላሻል። ይህን ስህተት የሚይዘው ደረሰኝ በእጁ መዝግቦ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበንም እዚህ ላይ ነው፦ ጀማሪ የሚለማመድበት ሥራ ቀድሞ ወደ ማሽኑ እየሄደ ነው። ስለዚህ አፓረንት (የሥራ ልምምድ) ስትወጡ መጀመሪያ በእጃችሁ ሥሩ፣ ማሽኑን ለማመሳከሪያ ተጠቀሙበት።

ቻትቦቱን ምክር ስትጠይቁትም ተጠንቀቁ። «ኮምፒውተር ሳይንስ ይሻለኛል አይደል?» ስትሉት ወደ «አዎ» ያደላል፤ «ነርሲንግ ይሻለኛል አይደል?» ብትሉትም እንደዚያው። የተማረበት ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚነግራችሁ የሥራ ገበያም በአብዛኛው የሌላ አገር ነው።

ወላጆች፣ «ኮምፒውተር ሳይንስ ምረጪ» ወይም «ማሽኑ ወስዶታል፣ ተይው» ከማለታችሁ በፊት ልጃችሁን በሙያው ካለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር አገናኙ። አንድ ጥያቄ ይዛ ትሂድ፦ ጀማሪ ይሠራው ከነበረው ውስጥ ዘንድሮ ለማሽን የሰጣችሁት የትኛውን ነው?