«ማሽኑ አያነብም፣ ልጄ»፦ ስለ አልትራሳውንድ ትምህርትና ሥራ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ በሚተላለፈው የጤና ፕሮግራማችን በዚህ ሳምንት ስልክ የከፈትነው ለአልትራሳውንድ ትምህርትና ሥራ ነበር። መልስ የሰጡን በራዲዮሎጂ ክፍል ለረጅም ዘመን ሠርተው አሁን የሚያስተምሩ ባለሙያ ናቸው። አድማጮች «ዶክተር» ባሏቸው ቁጥር «ዶክተር አይደለሁም፣ ራዲዮግራፈር ነኝ፤ ጋሼ ይበቃኛል» እያሉ አርመዋል።

ከሐይቅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ አልትራሳውንድ መማር እፈልጋለሁ። የትኛው ዲፓርትመንት ነው የምገባው?

አብሽር፣ መንገድ አለው። ግን «አልትራሳውንድ» የሚል ዲፓርትመንት ስትፈልግ እንዳትውል። አሜሪካና ካናዳ ሶኖግራፈር የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ አላቸው። እኛ አገር የተለመዱት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ነው። እዚያ ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይና አልትራሳውንድ በአንድ ላይ ትማራለህ። ሁለተኛው ሕክምና ተምሮ ከዚያ በኋላ ራዲዮሎጂስት መሆን ነው። እሱ ረጅም ነው፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች ምስሉን አንብቦ ሪፖርቱን የሚፈርመው ግን እሱ ነው። የትኛውን እንደምትፈልግ ሳታውቅ ፎርም አትሙላ።

ፊዚክስ ትጠላለህ? እንግዲያው ተጠንቀቅ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ሄርዝ ነው። ለምርመራ የምንጠቀምበት ድምፅ በሚሊዮን ሄርዝ ነው የሚቆጠረው። ፕሮቡ፣ ማለትም ታካሚው ገላ ላይ የምናስቀምጠው የማሽኑ እጅ፣ ውስጥ ያለው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ባሕርይ የኩሪ ወንድማማቾች ያገኙት በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ቆመህ ብትጣራ ድምፅህ እንደሚመለስልህ፣ ማሽኑም የሚሠራው በሚመለሰው ድምፅ ነው። ድምፅ በሥጋችን ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል ብሎ ያሰላል። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ሄርዙ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ምስሉን ያጠራዋል፣ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቅም። ለዚህ ነው ለአንገት እጢ አንድ ፕሮብ፣ ለጉበት ሌላ ፕሮብ የምናነሳው። ይህን የማያውቅ ሰው ቁልፉን ሁሉ እየነካካ ምስሉን ያበላሸዋል።

የግል ኮሌጅ ከሆነ የምትገባው፣ ክፍያ ከመክፈልህ በፊት ፕሮግራሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጥ። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ አትመን፣ ራስህ ጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከሱ ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቅሃል። ፈቃድ ሳይያዝ ፕሮብ አይያዝም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ነው የምለው።

ከኩታበር፣ አባት፦ ልጄ ይህን ሙያ ብትማር ጨረሩ መካን ያደርጋታል ይሉኛል።

አልትራሳውንድ ድምፅ ነው ወንድሜ፣ ጨረር የለውም። ራጅ ክፍል ስትሠራ ግን የእርሳስ ሽርጧን ትልበስ፣ የጨረር መለኪያ ባጇን አትርሳ፤ ካረገዘች ለአለቃዋ በጊዜ ትንገር።

ከኮምቦልቻ፣ ወጣት፦ አጎቴ ክሊኒክ አለው። «ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልሃል፣ ሦስት ወር አጠገቤ ቆመህ ካየህ ትለምደዋለህ» ይለኛል። ሰርተፍኬት የሚሰጥ አጭር ኮርስም አግኝቻለሁ። ልጀምር?

አትጀምር።

ስልኩን አትዝጋው፣ ትንሽ ልቆጣህ ነው። ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። አጎትህ ሊጠቅምህ አስቦ ነው፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ማሽኑ አያነብም፣ ልጄ። ሰው ነው የሚያነበው። ራጅ ቢሆን ፊልሙ ይቀመጣል፤ እኔን ያመለጠኝን ሌላው ነገ አይቶ ያርመዋል። አልትራሳውንድ ላይ ግን ፕሮቡ ያልደረሰበትን ቦታ ማንም ተመልሶ አያየውም። ታትሞ የሚወጣው አንተ መርጠህ ያስቀረኸው ምስል ብቻ ነው። ያላየኸው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

እንበል የወር አበባዋ የቀረ ሴት ሆዷን ከታች አሟት መጣች። የሽንት ምርመራው እርግዝና አለ ብሏል። ፕሮቡን ታስቀምጣለህ፣ ማህፀኗ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ክብ ነገር ይታይሃል። ሦስት ወር ቆሞ የለመደ ልጅ ምን ይላል? «እንኳን ደስ አለሽ፣ ገና ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ።» ጽንሱ ግን ከማህፀኑ ጎን ባለው የእንቁላል ቱቦ ላይ ሊሆን ይችላል። ከማህፀን ውጪ እርግዝና ሲኖር ማህፀን ውስጥ ከረጢት የሚመስል ፈሳሽ አንዳንዴ ይጠራቀማል። ስንቱን አሳስቷል! የተማረ ሰው ክቡን አይቶ አይጨርስም። ውስጡ ጽንስ አለ ወይ፣ የሚመታ ልብ አለ ወይ ይላል። ከማህፀኑ ግራና ቀኝ ይፈልጋል። ሆድ ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ ያያል። ካልተረጋጋለት የደም ምርመራ ያዝዛል ወይም ወደሚችል ቦታ ይልካል። ቱቦው ከፈነዳ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም። በሰዓታት ውስጥ ደሟ ሆዷ ውስጥ አልቆ ልትሞት ትችላለች። ከወረኢሉ ደሴ እስክትደርስ እንኳ ጊዜ ላይኖራት ይችላል። «ደህና ነሽ» ስለተባለች ደግሞ ሕመሙ ሲብስባትም ቤቷ ቁጭ ትላለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባትመረመር ኖሮ ፈርታ ሐኪም ቤት ትሄድ ነበር።

የሌለውን ማየትም አለ። አጃኢብ ነው፣ እዚህ አገር «ኩላሊትህ ላይ አሸዋ አለ» ያልተባለ ሰው አለ? የአንጀት አየር እጢ ይባልና ሰውየው በሬውን ሸጦ መድኃኒት ይገዛል። እንቅልፉንም ያጣል።

ሰርተፍኬትና የሙያ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። አጭር ኮርስ መጥፎ ነው አላልኩም። ፈቃድ ላለው ባለሙያ ዕውቀት ይጨምርለታል፤ ከባዶ የተነሳን ሰው ግን ባለሙያ አያደርገውም። ያለ ፈቃድ መሥራት በሕግ ያስጠይቃል፣ የአጎትህንም ክሊኒክ ያሽገዋል። ልታግዘው ከፈለግህ ክረምት ላይ ግባና ካርድ አውጣ፣ መዝገብ ያዝ፣ ታካሚ አስተናግድ። ፕሮቡን አትንካ። ተምረህ ፈቃድህን ይዘህ ስትመለስ ክሊኒኩን ውረሰው፣ እኔም እመጣና እመርቅሃለሁ።

ከወልዲያ፣ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ የምትማር፦ በዚህ ሙያ ሳዑዲ ወይም ዱባይ መሥራት ይቻላል? አንድ ደላላ ቀላል ነው አለኝ።

ይቻላል። ቀላል ግን አይደለም፣ መንገዱም ደላላው አይደለም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲግሪሽንና የሥራ ልምድሽን ዳታፍሎ በሚባል ድርጅት በኩል ከምንጩ ያጣራሉ። ዩኒቨርሲቲሽን በቀጥታ ይጠይቃሉ ማለት ነው፤ ፎርጅድ እዚያ ይያዛል። ቀጥሎ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፕሮሜትሪክ የሚሉት ፈተና አለ። ልምድም ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ተመርቀሽ በማግስቱ አይሆንም። መጀመሪያ እዚሁ ሥሪ፣ የልምድ ደብዳቤሽን በሥርዓት አስጽፊ፣ ፈቃድሽን በጊዜው አሳድሺ። ለማሳደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ስለሚጠየቅ ወረቀቶቹን አትጣዪ።

አሜሪካ የሚያምርሽ ከሆነ እዚያ የሚታወቀው ኤአርዲኤምኤስ የሚባለው የሶኖግራፈሮች ምዝገባ ነው። አንድ የፊዚክስ ፈተና አለ፣ ከሱ ሌላ የመረጥሽው ዘርፍ ፈተና፦ ሆድ፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ልብ፣ ደም ሥር። ፊዚክሱን ለፈተና ብቻ ሸምድጃ ልለፍ እንዳትዪ፣ እዚያ ይመለስብሻል።

ደላላው «በቤት ሠራተኛ ቪዛ ሂጂና እዚያ ትቀይሪዋለሽ» ካለሽ ቁጥሩን አጥፊው። የስንቷን ልጅ ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ ያስቀረ ወሬ ነው። ይህን ለወሎ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን።

ከከሚሴ፣ አዋላጅ ነርስ፦ ጤና ጣቢያችን ትንሽ አልትራሳውንድ አለ፣ ለነፍሰ ጡር ሥልጠና ወስጃለሁ። ሰው ጉበቴን እይልኝ፣ ሐሞቴን እይልኝ እያለ ያስቸግረኛል። ልይላቸው?

እህቴ፣ አትዪላቸው። የተሰጠሽ ሥልጠና ጽንሱ በሕይወት አለ ወይ፣ መንታ ነው ወይ፣ እንግዴ ልጁ የት ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ አመጣጡ እንዴት ነው የሚለውን ነው። እሱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፣ እናት ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ትነሳ ይላል። ያን በደንብ ከሠራሽ ይበቃሻል። ጉበት ያልተማረ ሰው ጉበት አያይም። ማሽኑ አንድ ስለሆነ ንባቡ አንድ አይደለም። ጎረቤትም ቢሆን፣ አማትሽም ብትሆን ሪፈር ጻፊላት።

ስሟንና ቦታዋን ያልተናገረች፦ አምስት ወሬ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ስንት ጊዜ ብነሳ ነው የሚታወቀው?

የዛሬው ፕሮግራም ስለ ትምህርት ነበር፣ ግን ሁሌም አንድ አትጠፋም። ክትትልሽ ላይ ባለሙያዋን ጠይቂ፤ ለዚህ ብቻ ብለሽ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙሪ። «ጤነኛ ነው» ቢሉሽም እቤት አትውለጂ።

ከመርሳ፣ ኤሌክትሪክ የተማረ፦ ሕመምተኛ ማየት አልፈልግም። ማሽኑን መጠገን ሥራ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል። ባዮሜዲካል ይባላል፣ ተፈላጊም ነው። በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች መሣሪያ ተዘርፎና ተሰባብሮ ሲቀር የቀረውን የሚያስነሳ እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሁላችንም አይተናል።

ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከአያያዝ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ቦርድ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ዩፒኤስ የሚባለው፣ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፕሮብ አንዴ ከወደቀ ክሪስታሉ ይሰነጠቅና ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ያ መስመር የበሽታ ጥላ መስሎት የሚደናገጥ አለ። ፋብሪካው ባልፈቀደው ኬሚካል የሚወለውሉትም አሉ። አንተ ግን ጠግነህ ስትሞክረው «እስቲ ሆድህን ልየው» እንዳትል። አውቅሃለሁ፣ ሁሉም ባዮሜዲካል እንዲህ ይላል።

ከደሴ፣ ራዲዮግራፈር፦ ጋሼ፣ ቀኝ ትከሻዬ ሌሊት እንኳ አያስተኛኝም።

የሙያችን በሽታ ነው። አልጋውን ወደ ቁመትህ ከፍ አድርገው፣ ታካሚውን ወደ ራስህ አስጠጋ፣ ክንድህን ዘርግተህ ከርቀት አትሥራ። ፕሮቡን ጨብጠህ አትነቀው፣ በቀላሉ ያዘው። ጄል አትቆጥብ፤ ጄል ሲያንስ ነው በጉልበት የምንጫነው። በታካሚና በታካሚ መሃል እጅህን አሳርፍ፣ ሰልፉ ቢያንጎራጉርም።

ሌሊት የሚቀሰቅስህ ከሆነ ግን በስልክ የምመልሰው አይደለም። የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂድ። ትከሻህን ደግሞ ተደብቀህ ራስህ በአልትራሳውንድ እንዳታየው።