«ጎድሏል፤ መጥተሽ ፈርሚ»፦ የቀድሞ አሠሪ በሌብነት ሲያስፈራራ

(ስልክ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ «ጋሼ ሱቅ» የሚል ስም።)

መርካቶ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ንብረት ክፍል ነበርሽ እንበል። ከለቀቅሽ አንድ ወር አልፎሻል። የመጨረሻው ደመወዝሽ ስላልተከፈለሽ ትናንት ደውለሽ ጠይቀሻል። ዛሬ የመደብሩ ባለቤት ጋሼ ራሳቸው ደወሉ።

«ቆጠራ አድርገን ሰማንያ ሺህ ብር ዕቃ ጎድሏል። መጥተሽ መተማመኛ ፈርሚ፤ አለዚያ ሌባ ብዬ ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው። ዋስሽንም እጠራለሁ።»

ዋስሽ አጎትሽ ናቸው። ጉልበት የሚከዳው እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ሁለት ነገር ቀላቅለዋል፤ ጉድለትና ስርቆት። ጎደለ ማለት መዝገቡና መደርደሪያው አልተስማሙም ማለት ነው። በዱቤ ወጥቶ ያልተመዘገበ ይኖራል፤ የባለቤቱ ልጅ ቅዳሜ ማታ ቁልፍ ወስዶ ያወጣውም ይኖራል። ስርቆት ግን ወንጀል ነው፤ ማስረዳት ያለበት ከሳሽ ነው። እስኪፈረድበት ድረስ የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይላል።

(ስክሪኑ ላይ፦ የርክክብ ቅጽ። ካሜራው «ተረካቢ» ከሚለው ፊርማ ላይ ይቆማል።)

ስትለቂ ተረካክበሻል? ይቺ ፊርማ ካለች ነገሩ ግማሽ አለቀ። ከሌለችም ቆጠራው መቼ፣ ማን ባለበት ተደረገ ብለሽ ጠይቂ። አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሰው ቁልፍ ይዞ ከሠራ በኋላ የተቆጠረ ዕቃ፣ በማን ጊዜ እንደጎደለ አይናገርም። የመልቀቂያ ደብዳቤሽ ቅጂ፣ ስልክሽ ላይ የቀረ የቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ፎቶ፣ ከጋሼ ጋር የተጻጻፍሽው ቴሌግራም፦ አንዱንም እንዳታጠፊ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «የጎደለውን ብር 80,000 ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ይላል። ብዙ ሰው ነገሩ እንዲያልፍለት ብሎ ይፈርማል። እኔ እዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ አትፈርሚ። መብቴን እጠቀማለሁ እያሉ ማስፈራራት እንኳ ከልክ ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከዋለ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያውቃል። ግን መገደድሽን የምታስረጂው አንቺ ነሽ፤ ቢሮው ውስጥ ደግሞ ከጋሼ ሌላ ምስክር አልነበረም።

ፊርማሽ የተፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድለት፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ጋሼ የሚፈልጉት ይቺን የመጨረሻዋን ነው።

ውል ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ሠራተኛው መመለስ ያለበትን ንብረት በራሱ ጥፋት ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ጋሼ የሚንጠለጠሉት በዚህች ነው። እንዲያም ሆኖ አለብኝ ብለው ያመኑትን ያህል በጊዜው መክፈል አለባቸው። ያንቺ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ (መክሰሻ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል። የዛቻው ዋና ጉዳት ለእኔ ይኼ ነው። «ነገሩ ይብረድ» ብለሽ ዝም ስትይ ስድስቱ ወር ያልቃል፤ ጋሼም ፖሊስ ጋ ሳይሄዱ ደመወዝሽ ይቀራል።

ቢሄዱስ? መክሰስ መብታቸው ነው፤ ንጹሕ መሆንሽን እያወቁ በሐሰት ከወነጀሉሽ ግን እሳቸውም ይጠየቃሉ። ፖሊስ ከጠራሽ ሂጂ፤ መጥፋት ሌላ ትርጉም ያሰጣል። ከተያዝሽ ያለመናገር መብት አለሽ፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብሽ።

አጎትሽንስ? የፈረሙትን የዋስትና ወረቀት ቅጂ ፈልጉ። ዋስ የሚሆኑበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ዋስትናው እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል። ይህን ለአጎትሽ ከጋሼ በፊት አንቺ ንገሪያቸው።

(ስክሪኑ ላይ፦ ቴሌግራም፣ አንድ በአንድ የሚጻፍ መልእክት።)

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቆጠራውን ሰነድ፣ የተቆጠረበትን ቀንና የቆጠሩትን ሰዎች ስም በጽሑፍ ይላኩልኝ። ሳላየው የምፈርመው ነገር የለም። የመጨረሻ ወር ደመወዜና የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እስካሁን አልተሰጠኝም፤ መቼ ልምጣ?»

(ሁለት የ«✓» ምልክት። ታይቷል።)