የላዳ ሂተር ቱቦና የሙቀት ሴንሰር የት ይግባ?

ለ፦ ጋሼ፣ ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። የድሮ ላዳ የሚያድሱ ልጆች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ሞተሩ ታድሶ ይገባል፣ ከዚያ ሁለት የሂተር፣ ማለት የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ፣ ቱቦና አንድ የሙቀት ሴንሰር እጃቸው ላይ ይቀራል።

ሀ፦ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ሰው አይቸገርም። ሙቁ ውሃ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) ይወጣል፣ ሂተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ተመልሶ የውሃ ፓምፑ በሚመጥጥበት በኩል ይገባል። አንዱ ጫፍ ውሃ የሚገፋበት፣ ሌላው የሚመጠጥበት መሆን አለበት። ሁለቱንም ግፊቱ እኩል የሆነ ቦታ ላይ ካሰርካቸው ውሃው አይንቀሳቀስም። ላዳ ላይ መመለሻው በሞተሩ ጎን የሚያልፍ የብረት ቱቦ አለው። እሱን ቀድመህ እይ፣ ዝገት ከበላው አዲስ ጎማ ብታለብሰውም ፋሸታውን (የቱቦ ማሰሪያውን) ስታጠብቅ ይፈረከሳል።

ለ፦ «ሂተር ምን ያደርግልኛል» ብሎ ቱቦዎቹን የሚደፍነውስ?

ሀ፦ ሱሉልታና ሰንዳፋ የሚኖር ሰው በኅዳር ማለዳ ይንገርህ! የፊት መስታወቱ በጉም ሲሸፈን በምን ሊያጠራው ነው? እኔ በፍጹም አልደፍንም።

ለ፦ ቴርሞስታትስ፣ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚቀያይረው? ሞተር በሞቀ ቁጥር «አውጥተህ ጣለው» ይባላል።

ሀ፦ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ላዳ ከፊያት 124 የወጣ መኪና ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሲመረት ቴርሞስታቱ ሦስት አፍ ያለው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን በአጭሩ መንገድ ይመልሰዋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ያንን አጭር መንገድ ዘግቶ ወደ ራዲያተር ይልከዋል። ሆዱን አውጥተህ ከጣልከው አጭሩ መንገድ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ስለዚህ ከትኩሱ ውሃ ገሚሱ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ብለህ ታሞቀዋለህ ማለት ነው።

ለ፦ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታው አለ።

ሀ፦ ጎሽ! እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ 100 አይደርስም። ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ የሙቀት ጌጁ ቀይ ጋ ሳይደርስ ውሃው ሊፈላ ይችላል። የላዳ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፣ አንዴ ከነደደ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይሄዳል።

ለ፦ እንግዲህ ሴንሰሩን የት እናድርገው? አንዳንዱ የላይኛውን ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ) ቆርጦ ማገናኛ ይከትና እዚያ ላይ ያስረዋል።

ሀ፦ ቦታው ቴስታታው ላይ ነው፣ ፋብሪካው ቀዳዳ ሠርቶለታል። በላይኛው ማኒኮቶ ውሃ እንደ ልብ የሚሄደው ቴርሞስታቱ ከከፈተ በኋላ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ሴንሰር ወሬውን ዘግይቶ ነው የሚያመጣልህ። ሌላም ችግር አለ። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) የሚያገኘው በራሱ የብሎን ጥርስ ነው። ማገናኛው ሁለት ጎማ መሃል ተንጠልጥሎ ማሳ ከየት ያመጣል? ግድ እዚያ ይሁን ካልክ ከማገናኛው ወደ ሞተሩ ሽቦ ዘርጋለት። ውሃ እንዳያፈስ የምትጠቀልለውን ቴፍሎንም አታብዛ፣ ጥርሱን ከሸፈነው ጌጁ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ለ፦ ጌጁ ውሸታም ይሁን ሴንሰሩ በምን እንለያለን?

ሀ፦ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀልና ለአንድ አፍታ የሞተሩን ብረት አስነካው። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ያለው መርፌ ወደ ቀዩ ከሮጠ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩን ጠርጥር። ካልተነቃነቀ ሽቦውን ተከተል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነው። ውሃ ጎድሎ አየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ እየነደደ መርፌው «ሰላም ነው» ይልሃል። መርፌው ድንገት ከወረደ ደስ አይበልህ፣ ቁም!

ለ፦ ውሃ ሲሞላስ?

ሀ፦ በመጀመሪያ የሂተሩን ሩቢኔት (የውሃ መክፈቻውን) ክፈት፣ አለበለዚያ አየር እዚያው ይታሰራል። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲሆን አድርገህ አቁም፣ ቀስ ብለህ ሙላ፣ አስነሳ። ሲሞቅ ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች በእጅህ ዳብስ። ሁለቱም ከሞቁ ውሃው እየዞረ ነው። አንዱ ከቀዘቀዘ ወይ ሩቢኔቱ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይ አየር አለ፣ ወይ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል።

ለ፦ የጎደለውን ለመጨመር የራዲያተሩን ክዳን መቼ ልክፈት?

ሀ፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ። ከዚያ በፊት እንዳትነካው።