ፍሬኑ በእጃችሁ ሲሆን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ዛሬ በጣም ስለምወደው ነገር ላውራ፦ ከተራራ ላይ በሐዲድ ቁልቁል ስለሚወርደው ተንሸራታች። አልፓይን ኮስተር ይሉታል።

ሞተር የለውም። ቢበዛ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ መቀመጫ ነው። ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይም ከታችም ስለያዙት ኩርባ ላይ ዘሎ አይወጣም። በግራና በቀኝ እጀታ አለ። ወደ ፊት ስትገፉት ይለቃል፣ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ፍሬን ይይዛል። የሚያወርዳችሁ ቁልቁለቱና የራሳችሁ ክብደት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገደባል።

«40 ምን አላት፣ ባጃጅም ትሄደዋለች» ትሉ ይሆናል። አቦ፣ ተቀምጣችሁበት ንገሩኝ! በርና መስኮት የለም። ዛፉ በጆሯችሁ ሥር ሽው ይላል። ኩርባው ወደ ገደሉ ያዘነብላችኋል፣ ሆዳችሁ ግን ገና ከኋላ ነው።

እኔ የሞከርኩት ኦስትሪያ፣ ኢምስት ነው። 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ እስከ ታች 500 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ ፍሬኑን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ ለቀቅ አደረግኩት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቀቅኩትና ጮህኩ። እንዲህ ከጮህኩ ስንት ዘመኔ!

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር ስትወጡ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ 2000 ሜትር ትጠጋላችሁ። ሚኒባሱ ኩርባ ላይ ሊቀድም ሲል፣ ከፊት አይሱዙ ብቅ ሲል፣ ሆዴ ልክ እንደ ኢምስቱ ነው የሚገለበጠው። የሚኒባሱን ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። መሪው በሌላ ሰው እጅ ነው። ኢምስት ላይ የምፈራውን ያህል የመጠንኩት እኔ ነበርኩ። ለእኔ ደስታው እዚያ ላይ ነው።

አልፓይን ስላይድ የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ። ከሲሚንቶ ወይም ከፋይበር በተሠራ ቦይ ውስጥ ነው የሚወረደው። መቀመጫው ከምንም ጋር አልታሰረም፤ ኩርባ ላይ ከፈጠናችሁ ያስፈነጥራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ጀርሲ፣ አክሽን ፓርክ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከቦዩ ወጥቶ ሞቷል። እውነተኛው ደስታ ይሄኛው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሐዲዱ እንደማይለቀኝ ስለማውቅ ነው ፍሬኑን ለመልቀቅ የደፈርኩት።

እና እኛ ጋ ለምን አይኖርም? የሰፈራችን ልጆች ጣውላ ላይ ኩሽኔታ ገጥመው፣ የጫማቸውን ሶል ፍሬን አድርገው ቁልቁለት ይወርዳሉ። ፍላጎቱ አለ። ተራራውም አለ፤ ያውም ባቡሩን ያስቆመ ተራራ። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር መውጣቱ ከባድና ውድ ስለነበር ታች ቀረ። ድሬም እዚያው ተወለደች። በዚያው ተራራ ላይ ሌላ ሐዲድ ተዘርግቶ ማየት እንዴት እንደምመኝ!

ግን ብሎኑን በየጠዋቱ የሚፈትሽ፣ ፍሬኑን የሚሞክር፣ በሁለት መቀመጫ መሃል በቂ ርቀት ሳይኖር የማይለቅ ባለሙያ መኖር አለበት። ያ ካልተሟላ ይቅር። ከተሟላ ግን፣ የደንገጎን ዳገት ለመንሸራተቻ የሚያጠና መሐንዲስ ካላችሁ ጻፉልኝ። በጣም ማነጋገር እፈልጋለሁ።