ባትሪ፣ ሶላርና የመስመር መብራት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጮች በስልክ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች ጥቂቱን ከኤሌክትሪክ ባለሙያችን መልስ ጋር እነሆ።

ከባሕር ዳር፦ ባትሪው ውሃው ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ብጨምርበትስ?

አይሆንም። የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ። አሲድም አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው።

አስጎብኚ ሹፌር፦ ቱሪስት ይዤ ኦሞ ስሄድ ፍሪጁ ሲሠራ ያድርና ጠዋት መኪናው አልነሳ ይለኛል። ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር?

ጨምር፤ ግን ሌላ የሞተር ማስነሻ ባትሪ እንዳትገዛ። እሱ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲያልቅ ቶሎ ይሞታል። ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ቀስ እያለ እንዲያልቅ የተሠራውን ጠይቅ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሊድ አሲድ (የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ) ከሆነ ግማሹን፣ 600ውን ብቻ ያለህ አድርገህ ቁጠር። 45 ዋት የሚስብ ፍሪጅ ግማሹን ሰዓት ቢሠራ በቀን 540 ይበላል። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪ በራሱ የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሪሌይ የሚባለውም ይግባ።

ሁሌ የምለውን ልድገመው፦ ገመዱ ከባትሪው እንደወጣ፣ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይኑረው። 12 ቮልት ስለማይነዝር ሰው ይንቀዋል። ገመዱ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ሲገናኝ ግን መኪና ያቃጥላል።

ከሐዋሳ፦ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር የ3,000 ዋት ኢንቨርተር ምጣድ ይችላል?

አይችልም፣ እህቴ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ290 አምፒር በላይ መሳብ ነው። እንጀራውን መብራት ሲኖር ጋግሪ።

ከአዲስ አበባ፦ መብራት ሲሄድ በሁለቱም ጫፉ ስፒና ባለው ገመድ ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ እሰካለሁ። ቤቱ በሙሉ ይበራል። የቆጣሪውን ብሬከር ሁሌም አወርዳለሁ። ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ያንን ገመድ ዛሬውኑ ቆርጠህ ጣለው። ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

አንደኛው ጫፍ ከሶኬቱ ቢነቀል ባዶው ብረት 220 ቮልት ይዞ መሬት ላይ ይወድቃል። ልጅ ቢያነሳውስ?

ብሬከሩን አወርዳለሁ ብለሃል። አንተ የሌለህበት ምሽት አለ፤ ጨለማና ችኮላ አለ። አንድ ቀን ይረሳል። ያኔ ያንተ 220 ቮልት በመስመሩ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። 15 ሺህ ቮልት አውርዶ እንደሚሰጥህ ሁሉ፣ ያንተንም መልሶ ወደ 15 ሺህ ያወጣዋል። ምሰሶ ላይ ያለው የመብራት ኃይል ሠራተኛ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ይነካዋል። እሱም ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

«የጎረቤቱ ጭነት ጄኔሬተሩን ያጠፋዋል» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ጭነቱ ትንሽ ከሆነ ግን አይጠፋም። ብሬከሩ ሳይወርድ መብራት ቢመጣ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ጄኔሬተሩ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

መፍትሔው ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ወይ መስመሩን ወይ ጄኔሬተሩን ያገናኛል እንጂ ሁለቱን ባንዴ አያገናኝም። ኢንቨርተር ያላችሁም ሕጉ ያው ነው። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይግጠመው፤ ራሳችሁ አትሞክሩት።

ከደብረ ብርሃን፦ የሶላር ፓኔል ወዴት ይዙር?

ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ። ዘንበል ሲል ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል። የውሃ ታንከር ጥላ አይረፍበት፤ ትንሽ ጥላ ብዙ ኃይል ይቀንሳል። ፊውዙንም አትርሱ።

ከጎንደር፦ መኝታ ቤት ያለው ባትሪ ጎኑ አብጧል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ምን ላድርግ?

ቻርጁን ከግድግዳው ማብሪያ አጥፊው። ልጆቹን አውጪ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ከሰልም ክብሪትም እዚያ አይድረስ፤ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በብልጭታ ይፈነዳል። ገመዱንም አንቺ አትፍቺው። አሁኑኑ ስልኩን ዝጊና ባለሙያ ጥሪ።