ቀላሉ ሬይድ ማንን አስቆጣ?

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የቆየ ጠብ ነው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወተው በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ዓለም ውስጥ፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት የሚጫወተው ሰውና በሳምንት ሦስት አራት ምሽት ለሬይድ፣ ማለትም በትልቅ ቡድን ኃያል ጠላቶችን (ቦሶችን) ለመጣል፣ የሚሰለፈው ሰው፣ ጌሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ከወጣ ጀምሮ ተስማምተው አያውቁም። አንደኛው «ከበደኝ» ይላል፤ ሌላው «ቀለለብኝ» ይላል። እኔ አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ጠቡ የክብደት አይደለም፤ የሽልማት ነው። ደግሜ እለዋለሁ፤ የሽልማት ነው።

እስኪ ታላቁ ሩጫን አስቡ። አዲስ አበባ፣ እሑድ ጠዋት፣ 10 ኪሎ ሜትር። መንገዱ አንድ፣ ቀኑ አንድ። ዋነኞቹ አትሌቶች ከፊት ይነሳሉ፤ የኋለኛው ሕዝብ ገና የጫማውን ክር ሲያስር እነርሱ ከዓይን ጠፍተዋል። ከኋላ ያ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ከናቴራ ለብሶ ይመጣል። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይራመዳል። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ዳገት ቀልድ አያውቅም። ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። የጨረሰ ሁሉ ሜዳልያ ያጠልቃል። አሁን ልጠይቃችሁ፤ አሸናፊው አትሌት እየጨፈረ የገባውን ሰውዬ አንገት አይቶ «ለእርሱም ሜዳልያ?» ብሎ ሲቆጣ ሰምታችኋል? አልሰማችሁም። የገንዘብ ሽልማቱ የእርሱ ነው፤ ሰዓቱ የእርሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለማሸነፍ ብሎ ከጨፋሪዎቹ ጋር እንዲጨፍር ማንም አያስገድደውም። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ወደ ጌሙ። ታንክ ዱላውን የሚቀበለው፣ ሂለር ደግሞ የሚፈውሰው ተጫዋች ነው፤ ይህን ከያዛችሁ ታሪኩን እሮጥበታለሁ። መጀመሪያ ትልቁ ሬይድ 40 ሰው ይፈልግ ነበር። በ2006 የተከፈተውን ናክስራማስ የተባለ ሬይድ ውስጡን ያዩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ በ2008 ለ10 እና ለ25 ሰው አስተካክሎ እንደገና አወጣው። በ2010 መጨረሻ ካታክሊዝም የተባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ዳንጀኖቹን፣ ማለትም የአምስት ሰው ትንንሽ ጦርነቶቹን፣ አከበደ፣ ጩኸት ሆነ፤ ከንድፍ ኃላፊዎቹ አንዱ ግሬግ ስትሪት በ2011 መጀመሪያ ረዥም ጽሑፍ ጽፎ ክብደቱን ተከላከለ። 12 ሚሊዮን ደርሶ የነበረው የደንበኛ ቁጥር በዚያው ዓመት መውረድ ጀመረ። በኖቬምበር 2011 ሬይድ ፋይንደር ገባ፤ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ጌሙ ራሱ የማይተዋወቁ 25 ሰዎችን ያሰባስባል። ከ2014 ወዲህ ደረጃዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ አራት ሆኑ፦ ሬይድ ፋይንደር፣ ኖርማል፣ ሄሮይክና ሚቲክ። ሚቲክ ልክ 20 ሰው ይፈልጋል። ከሃያው የአንዱ ቤት መብራት ከጠፋ የቀሩት 19ኙ አብረውት ይቀበራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግን አንድ አስተያየት ተደጋግሞ ስለመጣ እዚህ ላይ ልቁም። «ሚቲክ ማለት ያው ቦስ ነው፤ ደሙን አብዝተው ዱላውን ያጠነክሩታል» ብላችኋል። ወዳጆቼ፣ አይደለም! ቁጥሩ ያድጋል፣ እውነት ነው። ግን ቁጥር ብቻ ቢሆንማ የተሻለ ዕቃ የለበሰ ሁሉ ያልፍ ነበር። በ2017 ሚቲክ ላይ ጉልዳን የተባለውን ቦስ የገጠሙ ቡድኖች አለቀለት ሲሉ፣ በሌሎቹ ደረጃዎች ፈጽሞ የማይታይ ጋኔን ተነሳባቸው። በ2013 ደግሞ ራ-ደን የሚባል ቦስ ነበር፤ በጊዜው ከባዱ ደረጃ በነበረው በሄሮይክ ብቻ ይገኛል፣ ሙከራውም በሳምንት 30 ብቻ። ዝቅ ባለው ደረጃ እሳት ላይ ብትቆሙ ሂለሩ ያድናችኋል፤ ሚቲክ ላይ እሳቱ ላይ የቆመው አንድ ሰው ሌላውን 19 ይዞ ይሄዳል። ሜተድ የተባለው ጊልድ (ቋሚ የተጫዋቾች ማኅበር) ኪልጄደን የተባለውን ቦስ በ2017 ከዓለም ቀድሞ የጣለው ከ600 በላይ ሙከራ አድርጎ ነው። እነዚህ ሰዎች በዕቃም በልምድም ከማንም አያንሱም፤ 600 ጊዜ የሞቱት ደሙ ስለበዛባቸው እንዳይመስላችሁ።

በቁጥር ብቻ ማቅለልም ግን ይቻላል፤ ይህን አልክድም። በ2010 አይስክራውን ሲታደል በሚባለው ሬይድ ውስጥ ለሁሉም የሚሰጥ ጉልበት ነበር፤ ከ5 በመቶ ተነስቶ ቀስ በቀስ 30 በመቶ ደረሰ። ደካማው ቡድን ከወራት በኋላ የመጨረሻውን ቦስ፣ የሊች ንጉሥን፣ ጣለ፤ ጠንካሮቹ ቀድመው ጨርሰው ነበርና ማንም ምንም አልተነጠቀም። እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ዘዴ እወዳለሁ። እናንተም ቻናሉን ሰብስክራይብ ማድረግ ትወዳላችሁ፤ ገና አላወቃችሁትም እንጂ።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡ። ሬይድ ፋይንደር ድራጎን ሶል በተባለው ሬይድ ሲጀመር፣ ከእርሱ የሚገኘው ስብስብ ልብስ፣ አብሮ ሲለበስ የሚሰጠው ልዩ ጉልበት፣ በከባዱ ደረጃ ላይም ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሬይደሩ ኃይል እንዳያመልጠው በየሳምንቱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወደ ቀላሉ ሬይድ ይገባል። አትሌቱ እንዲጨፍር ተገደደ ማለት ነው! «ጌሙ ቀለለ» እያለ የጮኸው ጩኸት ሲፈታ «ያልፈለግሁትን ግዴታ ጫናችሁብኝ» ነው። በ2014 ብሊዛርድ ስብስብ ልብሱን ከሬይድ ፋይንደር አወጣው። ታዲያ ምን ሆነ? ሬይደሮቹ ዝም አሉ፤ በተራው ሌላው ወገን ጮኸ፤ ቦሱን ጥሎ የሚለብሰው ደህና ነገር አጥቷልና። ለእኔ ይህ ከመጀመሪያው የባሰ መፍትሔ ነበር።

በ2024 የመጡት ዴልቮች፣ አጫጭር ጀብዱዎቹ፣ የተሻሉ ናቸው። ከአንድ እስከ አምስት ሰው ይበቃል፤ ብቻውን የገባ ሰው ጌሙ የሚሰጠውን ረዳት አስከትሎ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ጊልድ የለው፣ የሚጠብቀው ሰው የለው፣ ሳምንታዊ ሽልማቱን ግን ያገኛል። ሬይደሮቹስ? አዲስ ወቅት ሲከፈት ለዕቃው ሲሉ እዚያም ይሰለፋሉ፤ እያጉረመረሙ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ሚቲክ ፕላስ፣ በሰዓት ቆጠራ የሚሮጠው ዳንጀን፣ ይቀርባል፤ ስለ ሰዓት ቆጣሪው ያላችሁን ስድብ ከወዲሁ አዘጋጁ።