ቁራኛው የት ሄደ?

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ኦልተን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጅማ ሂርማታ ገበያ ነጋዴዎች፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ ጠበቃ ማይክ ከያዘ በቶሎ እንደማይለቅ እያወቃችሁ ስለጋበዛችሁኝ ጥፋቱ የጋራችን ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ «በማኅበራዊ ሚዲያ ስም ማጥፋትና የሕግ ተጠያቂነት» የሚል ነው። ሰፊ ነው። እኔ ግን ከሁለት ቃል አልወጣም። አንዱ «ሌባ» ነው፤ ሌላው «እከስሃለሁ»። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቢሮዬን የሚያንኳኳው ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ አንደኛውን ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ወይ ሁለተኛውን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሶፋና አልጋ የሚሠራ ሰው መጣ። ከዝናብ ገብቶ ሳይቀመጥ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። የቴሌግራም ልጥፍ ነው። የሱቁ ፎቶ አለ፣ የራሱ ፎቶ አለ፣ ስልክ ቁጥሩ አለ። ከሥሩ «ሌባ ነው፣ እንዳትሸወዱ» ይላል። እጁን አየሁት፤ ኮላ የደረቀበት፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ግማሹን መጋዝ የበላው እጅ። «ወንድሜ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አባትሽ ሌባ ነው አሏት» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ «አንድ ከበድ ያለ ደብዳቤ ጻፍልኝ። አምስት መቶ ሺህ ብር የሞራል ካሳ በልና አስፈራራት» አለ።

አስፈራራት ነው ያለው። ክሰሳት አላለም። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ነገሩን ስጠይቀው እንዲህ ሆነ። ልጥፉን የጻፈችው ልጅ ደንበኛው ናት፤ ለሶፋ 15,000 ብር ቀብድ ሰጥታዋለች። በሦስት ሳምንት አደርሳለሁ ብሏል። እንጨት ተወደደበት፣ መብራት ጠፋ፣ ረዳቱ ጥሎት ሄደ። ሁለት ወር ሞላ። «ስልኳንስ ለምን አታነሳም?» አልኩት። «ምን ብዬ ላንሳ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙዎቻችን ከዕዳ ይልቅ የዕዳውን ስልክ ነው የምንሸሸው።

እንግዲህ ልጥፉን እንየው። ልጅቷ ሁለት ነገር በአንድ አፍ ተናግራለች። ቀብድ ወሰደ፣ በቀኑ አላደረሰም፣ ስልክ አያነሳም የሚለው የደረሰባት ነው። ሌባ የሚለው ግን ስለ ልቡ ነው፤ መጀመሪያውኑ ሊበላኝ አስቦ ነው የተቀበለኝ ማለት ነው። እሱን አታውቅም። እኔም አላውቅም። የሰረቀና ውል ያላከበረ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ወኅኒ ሲያወርድ ሌላው ገንዘብ ያስመልሳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን እተዋለሁ ካለ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ይህን ብታውቅ ኖሮ «ሌባ» ብላ ከምትጽፍ «ወይ ሶፋዬን፣ ወይ ሠላሳ ሺህ» ብላ ሱቁ ደጃፍ ትቆም ነበር።

ደግሞም «በዚህ ቀን ይህን ያህል ከፈልኩ፣ ሁለት ወር ሆነኝ፣ አልደረሰኝም» ብላ ብቻ ብትጽፍ ኖሮ የትኛውም ጠበቃ አይነካትም። ለሰውየው ደግሞ ያ ይብስበት ነበር፤ ምክንያቱም ይታመናል። ስድብ የተናጋሪውን ንዴት ነው የሚያሳየው፤ ቀንና መጠን ያለው ነገር ግን የሥራውን ጉድለት ያሳያል።

ጅማ ላይ ስም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በቃል ይሰጣል፣ ብሩ ከሳምንት በኋላ ይመጣል። አንድ አቅራቢ «የሊሙን ቡና ከሌላ ደባልቆ ሸጠ» ከተባለ በሚቀጥለው ሳምንት ጆንያ ይዞ የሚመጣለት የለም። መጋዘን ቢቃጠል ይሠራል፤ ስም ግን በቆርቆሮ አይጠገንም።

አባቶቻችን ሌባ የሚፈልጉበት አንድ መንገድ ነበራቸው። ሌባ ሻይ ይባላል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፣ ወገቡን በገመድ ይይዙታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ምንም አያውቅም። ያጠጣው ሰው ግን ማን ላይ እንዲወድቅ እንደሚፈልግ አንዳንዴ ያውቃል። ይህ ቀረ ስንል፣ ማታ ማታ ስልካችን ላይ ተመልሶ መጣ። ማን እንዳጠጣው የማናውቀው ገጽ እየተንገዳገደ መጥቶ አንዱ ቤት ላይ ይወድቃል፤ እኛም ከኋላው ገመዱን ይዘን እንሮጣለን። «ሼር» ማለት ገመዱን መያዝ ነው።

ግን ሌላም ነበራቸው፤ ዛሬ የመጣሁት በእሱ ምክንያት ነው። ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በአንድ ሰንሰለት፣ አንዳንዴም በነጠላቸው ጫፍ ታስረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ተከሳሹ ብቻ አይደለም የሚታሰረው። ሌባ ብለህ ከተናገርክ አንተም ታስረሃል፤ ሲያስነጥስ ትሰማለህ፣ ልጆቹ ምግብ ሲያመጡለት ታያለህ። አብሮ ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ ቃሉን መመጠኑ አይቀርም። «በሕግ አምላክ!» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ የጠራውም የተጠራውም ቆመው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። እዚህ በኛ አገር በጃርሱማም፣ በኦሮሞ የሽማግሌ ዕርቅ፣ ሁለቱም ባለጉዳዮች ራሳቸው መጥተው ነው ሽማግሌ ፊት የሚቀመጡት።

ዛሬ ሌባ ብሎ የጻፈ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። ይህን ሁላችሁም ታወግዛላችሁ። እኔ ግን ወደ ሌላኛው ወገን፣ ወደ ራሴ ወገን ልሂድ። «እከስሃለሁ» የሚለውስ? እሱስ ታስሯል?

ኑዛዜ ልናገር። ከአሥር ዓመት በላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ተከፍሎኝ። «በ48 ሰዓት ውስጥ ልጥፍዎን አንስተው በይፋ ይቅርታ ካልጠየቁ…» የሚለውን በሕልሜም እጽፈዋለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ፍርድ ቤት የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። ደንበኛዬ እንደማይከስ እያወቅሁ የጻፍኳቸውም አሉ። ቲተሩ፣ ማኅተሙ፣ የአንቀጾቹ ብዛት ለማስደንገጥ ነበር።

ያ የአምስት መቶ ሺህ ብር የሞራል ካሳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። አንድ ሺህ። ሕጉ በወጣበት ዘመን ብዙ ነበር፤ ዛሬ የአንድ እራት ዋጋ ነው። ገበያ ወርዶብኛል የሚል ነጋዴ የደረሰበትን ኪሳራ ለብቻው መጠየቅ ይችላል፤ ግን በሒሳብ መዝገብ አስረድቶ ነው። እና አምስት መቶ ሺህ ብሎ የሚጽፍ ጠበቃ ሕግ የማይሰጠውን እያወቀ በሕግ ስም ይጠይቃል። ይህን ምን እንበለው? እኔ «ሌባ» አልልም፤ አሁን ስለእሱ እየተናገርን ነውና። ግን ከልጥፉ ብዙም አይሻልም።

ሕጉ ጥርስ የለውም ማለቴ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የመናገር ነጻነትን፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ክብርንና መልካም ስምን ይጠብቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያዋርድ፣ መሳቂያ የሚያደርግ ንግግርን ያስጠይቃል፤ ልጎዳው አላሰብኩም ማለትም ብቻውን አያድንም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራጨ ስም ማጥፋት፣ ተበዳዩ ካመለከተ፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር ቅጣት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ጋዜጣና ጣቢያ የሚፈጽመውን ስም ማጥፋት ከወንጀል አውጥቶ በካሳ ብቻ እንዲያልቅ አድርጎታል። ጋዜጠኛ በካሳ የሚወጣውን፣ ስልክ የያዘች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በእስራት ልትጠየቅበት ትችላለች። እኔ ይህ ሚዛን ትክክል አይመስለኝም። ሕግ ግን ሕግ ነው።

እና ሰይፉ አለ። ጥያቄው ማን ላይ ይመዘዛል ነው። በሐሰት ስም ሰው የሚያዋርደውን ደብዳቤዬ አያገኘውም፤ አድራሻ የለው፣ ፊት የለው። ደብዳቤዬ የሚያገኘው በራሱ ስም፣ በራሱ ፎቶ፣ ተበደልኩ ብሎ የጻፈውን ነው። ከሁሉም የሚፈራው ደግሞ ጠበቃ መቅጠር የማይችለው ነው፤ እውነት ቢኖረውም ልጥፉን ያነሳዋል። ማለትም የእኔ ማስፈራሪያ ዋሾውን አልፎ ሐቀኛውን ይመታል። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። አላፍርም አልልም፤ አፍራለሁ።

ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቅ ክፉ አይደለም፤ ጨዋነትም ነው። «እዚህ ጋ የጻፍከው ውሸት ነው፤ ማስረጃው ይኸው፤ አርመው፤ ካላረምክ በዚህ ቀን ፍርድ ቤት እንገናኝ» ያለ ሰው ራሱን አስሮ ነው የሚናገረው። ሐሰት የሆነውን ቃል ለይቶ ያሳያል፣ ሕግ የሚሰጠውን ብቻ ይጠይቃል፣ ቀኑ ሲደርስም ይገኛል። በወንጀል ለማመልከት ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው 3 ወር ነው፤ በፍትሐ ብሔር ካሳ ለመጠየቅ 2 ዓመት። ጊዜው ይሮጣል፤ ከልቡ የሆነ ሰው ይሮጣል። እከስሃለሁ የሚል ደግሞ አንድ ነገር መርሳት የለበትም፦ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ ተናጋሪው ነጻ ይወጣል፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በስተቀር። ስለዚህ መክሰስ የራስን መሳቢያ መክፈት ነው። ያለ ደረሰኝ የተቀበልካት ብርም ትወጣለች።

ባለሶፋውን ቢሮዬ ሆኖ ለልጅቷ እንዲደውል ለመንኩት። እንቢ አለ። ደብዳቤውን ሌላ ጠበቃ ጻፈለት። ልጅቷ ደብዳቤውን ከነማኅተሙ ፎቶ አንስታ ለጠፈችው፤ የመጀመሪያውን ልጥፍ ያላየ የጅማ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን አየው።

እኔም ከዚያ በፊት ደርሶብኝ ስለነበር ነው የለመንኩት። ወጣ ካለች ወረዳ የመጡ አንዲት እናት የውርስ ጉዳይ ይዤ ነበር። አንድ ማታ ልጃቸው ፎቶዬን ለጥፎ «የእናቴን ብር በልቶ የጠፋው ጠበቃ ይኸውላችሁ» ብሎ ጻፈ። እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊቱን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ 958/2008፣ 48 ሰዓት፣ ሁሉንም አስገባሁ። ጠዋት ማስረጃ ላያይዝ ፋይላቸውን አወጣሁ። ሦስት ቀጠሮ ተላልፏል፤ አልነገርኳቸውም። የፋይሉ ሽፋን ላይ በእርሳስ «4,000» ተጽፏል፤ የእኔ ጽሕፈት ነው። ደረሰኝ የለም። በላ የሚለው ሐሰት ነው፤ እሳቸው ግን ከእሱ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችሉ ነበር?

ለልጁ ደወልኩ። ስሜን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ልትከሱኝ ነው?» አለኝ። ደረሰኙን ወዴት ልላክ አልኩት።

ልጥፉን አላጠፋውም፤ አጥፋም አላልኩትም። ከሥሩ «ደረሰኝ ሰጥተዋል፣ ቀጠሮውንም ነግረውናል» ብሎ ጨመረበት። የመጀመሪያውን አርባ ስድስት ሰው አጋርቶታል። የታችኛውን ያጋራው የለም። ዛሬም ስሜን ብትፈልጉ የሚወጣው የላይኛው ነው።

አሁን ቡናው ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን እንነጋገር። ደብዳቤ ላጽፍ ብሎ የመጣ ካለም ቢሮዬ ክፍት ነው፤ ደረሰኞቹን ይዞ ይምጣ። አመሰግናለሁ። ገለቶማ።